ፎቶው ደህና ነበር

አንዲት ሴት ነበረች። እናንተን የመሰለች፣ ጾም የማትገድፍ፣ ከማኅበር የማትቀር።

የኪዳነ ምሕረት ማኅበሯ አንድ ደንብ ነበረው። በወር በወሩ ተረኛዋ ቤት ተሰብስበው ጽዋው ሲዞር፣ ያልመጣ ሰው ካለ ድርሻው ይነሣለታል። ዳቦው በመሐረብ ይቋጠርና አንዱ ይዞለት ይሄዳል። ነገሩ የዳቦ መሰላችሁ? ዳቦ ይዞ ለመጣ ሰው በር ይከፈትለታል። በር የተከፈተለት ሰው አልጋ ላይ ማን እንደተኛ ያያል።

የአስካለን ድርሻ የምታደርሰው ይቺው ሴት ነበረች። የአስካለ ቤት ዳገቱ ላይ ነው፤ ጉልበት ይፈጃል።

ኋላ የማኅበርተኞቹ ልጆች ድረ ገጽ የሚሉትን ነገር አወጡ። የሁሉም ፎቶ ተደርድሮ፣ ከሥሩ ስማቸው ተጽፎ፣ በስልክ ይታያል። አስካለ የልጇ ሠርግ ዕለት የተነሣችውን ሰጠች። ጉንጯ ሞልቶ፣ ወርቁ አንገቷ ላይ፣ ጥርሷ እስኪታይ ስቃ።

ሴትዮዋ ተገላገለች። በየጠዋቱ ስልኳን ትከፍትና «እንዴት አደርሽ አስካልዬ» ብላ ፎቶው ሥር ቀይ ልብ ታስቀምጣለች። አስካለ አትመልስም። ፎቶው ግን ይስቃል። የሚስቅ ሰው ምን ይሆናል ብላ ትጨነቅ?

ጽዋ ሲጠጡ የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃቸው ማለት ነው፣ «ማን ቀረ?» ይላል።

«አስካለ።»

«እሷማ ደህና ናት። ጠዋት አይቻታለሁ» ትላለች አንዷ።

«እኔም አይቻታለሁ» ትላለች ሴትዮዋ። ዳቦውን ቋጥራ ወደ ራሷ ቤት ትወስደዋለች። ዳገቱን ማን ይወጣል!

አስካለን ግን በሽታ እየበላት ነበር።

አንድ ቀን ሴትዮዋ ከማኅበር ስትመለስ፣ እንደ ልማዷ የቤተ ክርስቲያኑን በር ልትሳለም ቆመች። ግንቡን የተደገፈች፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የተከናነበች፣ አጥንቷ ብቻ የቀረ ሴት አለች።

«እንደምን ዋልሽ እኅቴ» አለቻት የተከናነበችው።

ለሴትዮዋ ለማኝ መሰለቻት። ያን ዳቦ ከነመሐረቡ ከቦርሳዋ አወጣች። «ይኸው እናቴ፣ የኪዳነ ምሕረት ነው።»

ያቺ በሁለት እጇ ተቀብላ ሳመችው። «አላወቅሽኝም?»

«ከየት ልወቅሽ እናቴ? በዚህ ሁሉ ሰው።»

ያቺ ትክ ብላ አየቻት። «ይሁን» አለች። «ዋናው መድረሱ ነው።»

ወሩ ሳይሞላ አስካለ ሞተች።

ሴትዮዋ ለቅሶ ደረሰች። አስካለን ስታስታምም የከረመችው የእኅቷ ልጅ መጥታ እጇን ያዘቻት።

«እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን። በግድ ከአልጋዋ ተነሥታ፣ ‹እኅቴ በዚያ ታልፋለች› ብላ ወጥታ ነበር። ስትመለስ ‹ድርሻዬን ሰጠችኝ› አለች። መዋጥ አቅቷት ትራሷ ሥር አኖረችው። እርስዎ ባይኖሩ ማን ያስታውሳት ነበር?»

መሐረቡን አጥባ፣ አጣጥፋ መለሰችላት።

ድንኳኑ ውስጥ ያው የሠርግ ፎቶ ተሰቅሏል። ሴቶቹ እሱን እያዩ ደረት ይደቃሉ። ሴትዮዋ በር ላይ ያየችውን ፊት ልታለቅስለት ዓይኗን ጨፈነች። የመጣላት የሚስቀው ነው። እስከ ዛሬም ሌላ አልመጣላትም።

ፎቶው አሁንም ድረ ገጹ ላይ አለ። ስሟም ከሥሩ አለ። ባለፈው በዓል አንዱ «እንኳን አደረሰሽ» ብሎ ልብ አስቀምጦላታል።

እናንተስ? ምን ዘወር ትላላችሁ፣ እናንተን ነው። ስም አነበባችሁ፣ ሳቅ አያችሁ፣ ጣታችሁን አሳረፋችሁ፤ ከዚያ ጠየቅሁት አላችሁ። የተጠየቀው ሰውዬስ ያውቃል? ሰው ለእይታ የሚሰጠው ደህና በነበረበት ቀን የተነሣውን ነው። ከስቶ፣ አጥቶ፣ ፊቱ ጠቁሮ የሚነሣ ማን አለ? ፎቶ አይታመምም። ፎቶ አይርበውም። የሚታመመውና የሚርበው ዳገቱ ላይ ነው፤ እናንተ ደግሞ ዳገት አትወዱም።

ጌታ በፍርድ ቀን ስልካችሁን አይጠይቃችሁም። እግራችሁን ነው የሚጠይቀው። የት የት እንደሄደ፣ የማንን ደጅ እንደረገጠ። እግራችሁ ምን ሊመልስ ነው?

አሁን ትወጣላችሁ። በሩ ላይ የተከናነቡ ሰዎች ተቀምጠዋል። የያዛችሁትን ወርውራችሁ አትለፉ። ጎንበስ በሉ። ፊቷን እዩ። ስሟን ጠይቁ።

የምታውቁት ስም እንዳይሆን ፍሩ።