ከላባው በታች ያለው

ትልቁ አየር መንገድ ተሸጠ የሚለው ዜና የደረሰኝ በባለቤቴ በአንዳርጌ ለቅሶ፣ ድንኳኑ ሳይነሣ ነው። አንዳርጌ ዕድሜውን የፈጀው በትልቁ ስም በሚበር አንድ ትንሽ አየር መንገድ ውስጥ ነበር። በቆላው አቧራማ ማረፊያ ላይ አውሮፕላን ሲመጣ አህዮችን ከመንደርደሪያው ያባርር ነበር። ለቅሶ የመጡት ባልደረቦቹ ንፍሮ እየቆረጠሙ «እንግዲህ እኛስ?» ተባባሉ። አውሮፕላኑ የትንሹ፣ ስሙና ቀለሙ ግን የትልቁ ነው፤ ትልቁ ሲሸጥ ትንሹ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም። ውበቱ የሚባለው ጓደኛው «አንዳርጌ ቢኖር የአህያዋን ተረት ያወራልን ነበር» አለ። ለቀስተኛው ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። ተረቱ አብሮት እንዳይቀበር ይኸው ጻፍሁት።

አንድ ጊዜ ንስር በትልቅ ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ እንስሳትን በቅርጫት ወደ ማዶ ያሻግር ነበር። ስሙ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። በንስር የተሻገረ እንስሳ ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ አያወራም።

ከወንዙ እስከ ገደሉ አፋፍ ያለው መንገድ ግን ለንስር በጣም አጭር፣ ለኤሊ በጣም ረጅም ነበር። ንስር ለዚያች ታህል መንገድ ክንፉን ማድከም አልፈለገም። ስለዚህ አህያን ጠራትና ተዋዋሉ። አህያ አንድ ቀይ የንስር ላባ ግንባሯ ላይ አስራ መንገደኞችን በንስር ስም ታመጣለች፤ ለላባው ኪራይ ደግሞ የንስርን ጎጆ የሚያለብስ ለስላሳ ሣር ታቀርባለች። ውሉ «ከላባው በታች የሄደ ሁሉ እንደ በረረ ይቆጠራል» ይላል።

አህያም መብረር ጀመረች። ማለትም ትሄዳለች። ነገር ግን ከመነሣቷ በፊት ጆሮዎቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ «ክቡራን መንገደኞች፣ ጋማዬን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ልንነሣ ነው» ትላለች። አቧራ ሲነሣ «አሁን ደመና ውስጥ ገብተናል» ትላለች። ድንጋይ ሲያደናቅፋት «መጠነኛ ነፋስ ነው፤ አትደንግጡ» ትላለች። ለጋሼ ጃርት እሾህ ሲባልም ሁልጊዜ ጀርባዋ ላይ ወፍራም ድርቆሽ ትደለድላለች። መንገደኞቹ አፋፉ ላይ ሲወርዱ ጆሯቸው እንደ ተደፈነ ይናገሩ ነበር።

የአህያ የቆየች ደንበኛ እትዬ ኤሊ ነበረች። «በአህያ መጣሽ?» ያላት ካለ ለሳምንት አታናግረውም።

ንስር እያረጀ ሄደ። ገደሉን የሚያሻግሩት ልጆቹ ሆኑ፤ እሱ ማረፍ አማረው። ይህን የሰማች ቀበሮ ወደ ጅብ ዋሻ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ የንስር ድርጅት ሊሸጥ ነው።»

«ይበላል?» አለ ጅብ።

«አይበላም። ስም ነው።»

«ስም ምን ያደርግልኛል?»

ቀበሮ የጅብን ጆሮ የሚከፍተው ምን እንደሆነ ታውቃለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከላባው በታች ያለው ሁሉ የገዢው ነው» አለችው።

«ከላባው በታች ማን አለ?»

«አህያ አለች።»

«ያቺ ወፍራሟ?»

«እሷው ናት።»

ጅብ ምራቁን ሲውጥ እስከ ወንዙ ተሰማ። በዕድሜው ያጠራቀመውን አንድ ዋሻ አጥንት ለንስር አስረክቦ ድርጅቱን ገዛ። ቀበሮ ለድለላዋ መቅኒ ያለውን አጥንት መርጣ ወሰደች። ንስር በተረፈው ላይ ተቀምጦ ጡረታ ወጣ። አህያን የጠየቃት የለም።

ወሬውን ያመጣችላት ጦጣ ናት።

«እሜቴ አህያ፣ ባለቤትሽ ተለወጠ።»

«እኔ ባለቤት የለኝም። ላባ ተከራይቼ ነው የምሠራው።»

«እሱን ለጅብ ንገሪው።»

«ለማን?»

ጦጣ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻት። አህያ ላባውን ብታስር ጅብ ይበላታል። ብታወልቀው ደግሞ ማን ይሳፈራታል? ውርንጭላዋ ጦሙን ሊያድር ነው። ሌላ ሰው ስታጣ ኤሊን አማከረች።

«እትዬ፣ ላባውን ላውልቀው ይሆን?»

«ካወለቅሽው እኔ ምን ላይ ልወጣ ነው?»

«እኔ ላይ ነዋ። እስከ ዛሬስ ምን ላይ ነበሩ?»

«ልጄ፣ በእርጅናዬ አህያ ላይ አልወጣም። መብረር ነው የለመድሁት።»

«ካላወለቅሁት ጅብ ይበላኛል።»

ኤሊ አንገቷን ወደ ውስጥ አስገብታ ለጥቂት ጊዜ አሰበች። ከዚያም ብቅ ብላ «አፋፉ ካደረስሽኝ በኋላ ቢበላሽስ?» አለቻት።

በማግሥቱ ማለዳ ጅብ ወንዙ ዳር ደረሰ። ኤሊና ጃርት ለመሳፈር ተሰልፈዋል፤ ጦጣ ጉዱን ለማየት ዛፍ ላይ ወጥታለች። ጅብ አህያን ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ ተመለከታት።

«እንደምን አደርሽ። አዲሱ ባለቤት ነኝ። የገዛሁትን ልበላ መጥቼ ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያ ጅቦ። የገዙት ምን ነበር?»

«ከላባው በታች ያለውን ሁሉ። ቀበሮ እንዲህ ብላኛለች።»

አህያ «ቀበሮ ካለች ነው» አለች። «ግን ንስር ባለቤት በነበረ ጊዜ ያለ ላባ ታይቶ አያውቅም። እርስዎ እንዲሁ ራስዎን ባዶ አድርገው ቁርስ ሊበሉ ነው? መንገደኛውስ ምን ይላል?»

ጅብ ወደ ሰልፉ ዞር አለ። ኤሊ በትዝብት ታየዋለች።

«እውነትሽን ነው» አለና አፈረ። «እሰሪልኝ።»

ጦጣ ከዛፉ ወርዳ ላባውን ከአህያ ግንባር ፈታችና በጅብ ጆሮዎች መካከል ቋጠረችው። ሳይወድቅ እንዲቆይ ደጋግማ ቋጠረችው።

«አማረብኝ?»

«ሊበሩ ነው የሚመስሉት» አለችው ጦጣ።

«በይ አህያ፣ አሁን ልብላሽ።»

«እኔን? እኔ አሁን ከላባው በታች ነኝ?»

ጅብ ወደ ላይ አየ፤ ላባው ከራሱ በላይ ነው። ከበታቹ ያለውን ፈለገ። መጀመሪያ ሆዱን አገኘ፤ ቀጥሎ ጭራውን አገኘ። አንድ ዋሻ አጥንት የከፈለበትን ነገር ሳይቀምስ መሄድ አልሆነለትምና ጭራውን ነከሰ።

«ዋይ! ይሄ የማን ነው?»

«የርስዎ ነው» አለች ጦጣ። «ቀበሮ እንዳለችው ነው።»

ጅብ ይህን ገና እያሰላሰለ ሳለ እትዬ ኤሊ ላባውን ተከትላ ጀርባው ላይ ወጣች። ላባው ባለበት በረራው አለ። ጋሼ ጃርትም እንደ ልማዱ ከኋላዋ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

ጅብ ስለ ድርቆሽ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ከዚያ የሆነውን በረራ ነው ማለት ይቻላል፤ አራቱም እግሮቹ መሬት ያልነኩበት ጊዜ ነበርና። ኤሊ በመካከሉ «ልንነሣ ነው አይሉም?» ስትል ተሰምታለች። መጀመሪያ ጃርት ቁጥቋጦ ውስጥ አረፈ፤ ቀጥሎ ኤሊ ጭቃ ላይ አረፈች። ጅብ ከነላባው ኮረብታውን አልፎ ጠፋ። ጀርባው ወደ ኋላ ዝቅ ብሎ የቀረው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው ይባላል።

ኤሊ ወደ ወንዙ ዳር እስክትመለስ ፀሐይ አዘቀዘቀች። ጃርት ቀድሟት ደርሶ ቆሟል። አህያም እዚያው ናት፤ ግንባሯ ባዶ ነው፤ ድርቆሹ ጀርባዋ ላይ ተደልድሏል።

«ትበሪያለሽ?» አለቻት ኤሊ።

«አልበርም፣ እትዬ። እሄዳለሁ።»

ኤሊ ግራና ቀኙን ቃኘች።

«እንግዲህ ማንም ሳያየን ቶሎ በይ» ብላ ወጣች። ጃርትም ተከተላት።

መንገዱን እንዳጋመሱ ነፋስ መጣና አቧራው ተነሣ። አህያ አንገቷን ደፍታ ዝም ብላ ትሄዳለች። ኤሊ ጠበቀች፤ ጠበቀችና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ምነው ስለ ደመናው አትነግሪንም?»

«ላባ የለኝም እኮ።»

«ላባው መቼ ተናግሮ ያውቃል? የምትናገሪው አንቺ አልነበርሽም?»

አህያ ጥቂት ተራመደች። ከዚያ ጆሮዎቿን ግራና ቀኝ ዘረጋች።

«ክቡራን መንገደኞች፣ አሁን ደመና ውስጥ ገብተናል።»

እትዬ ኤሊ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይኸው ጆሮዬ ተደፈነ» አለች።

ከዚህ የምንማረው ስም ቢሸጥ ቢለወጥ መንገደኛን የሚያደርሰው የተሸከመው ጀርባ መሆኑን ነውና፣ እናንተም በየመንገዱ አህያ ባያችሁ ቁጥር አንዳርጌን አስባችሁ፣ በክርስትና ስሙ ወልደ ትንሣኤን፣ ነፍስ ይማር በሉልኝ።