ያልታጠበ ልጅና የተዘጋ ቦኖ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም፤ ኃጢአት ይሁን ጽድቅ ለይቼው ስለማላውቅ። ሰው ፊት ማውራት ያሳፍረኛልና እጽፈዋለሁ። በቀጥታ መጻፉም ስለሚከብደኝ ለልጆች ተረት እንደሚነገረው አንዱን ከሌላው እያሰርኩ እሄዳለሁ። የሰለቸው ሰው መሐል ላይ ይተወኝ። እኔም ያን ቀን ሰልችቶኝ ነበር።

ከነርስ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ካቻምና ተስቦ ገብቶ ብዙ ሰው ስለጨረሰ፣ ተስቦም በቅማል ስለሚተላለፍ፣ በሩ ላይ «ሳይታጠቡ መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። መታጠቡ ሳይታይ የሚያልፈው የሠራተኛ ቤተሰብ ብቻ ነው። በሩን የሚጠብቁት ባሻ ገለታ ማንበብ አይችሉም፤ ሰሌዳውን ግን ከሁላችን የበለጠ ያከብሩታል።

መጋቢት ነበር። አንድ ማለዳ ሽታዬ የምትባል የታች ሰፈር ሴት ልጇን ልመንህን አዝላ መጣች። ልጁ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ተቅማጥ ይዞት ሰንብቶ ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ሲያለቅስ እንባ አይወጣውም። እንባ የሌለው ልጅ ሐኪም ካላየው እንደማያድር ተምሬአለሁ።

«አይገባም» አሉ ባሻ። «እስቲ እዪው! ከወንዝ ዳር ጭቃ የወጣ አይመስልም?»

«ውሃ የት አለና ነው፣ ባሻ? ወንዙ ደርቋል። ቦኖው ከተዘጋ ስንት ጊዜው! አንድ ጣሳ ብቻ ስጡኝ፣ እዚሁ ልጠበው።»

ለጤና ጣቢያው ውሃ በአህያ ከሩቅ ምንጭ ይመጣ ነበር፤ ያን ቀን አህያው ቀረ። የነበረችን ለመርፌ መቀቀያ የቀረች አንዲት ማንቆርቆሪያ ናት። ከእርሷ በስኒ ቀድቼ ልጁን አጠጣሁት፤ ወዲያው አስመለሰው። «ቦኖው ዘንድ ደርሼ ልምጣ፤ ጠብቂኝ» አልኳት እናቱን። አንድ ጣሳ ውሃ ነው፤ ምን ያስቸግራል ብዬ ወጣሁ።

ቦኖ ጠባቂዋ እትዬ ብርቄ ከደረቀው ቦኖ አጠገብ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ።

«ልጄ፣ ኡመር ከላይ ካልለቀቀው ከዚህ ምን ይፈሳል?» አሉኝ። «ከፈለግሽ እንዝርቴን ልጭመቅልሽ።»

እንግዲህ እናት ያለ ውሃ አታጥብ፤ ቦኖ ያልተለቀቀ አያፈስ።

ወደ ኮረብታው ወጣሁ። የቧንቧ ሠራተኛው ኡመር በውሃው ታንከር ጥላ ሥር ጋደም ብሏል።

«ታንከሩ ሙሉ ነው፣ ሲስተር። መዝጋት የምወድ ይመስልሻል? ቤቴ ስገባ ሚስቴ ልታንቀኝ ነው። አቶ ጥላዬ ግን መድኃኒት ሳልጨምርበት እንዳትለቀው ብለውኛል። ውሃውን ለሰው ከማጠጣት በፊት ማከም ያስፈልጋል አሉ። ውሃ ሲታመም አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እናት ያለ ውሃ አታጥብ፤ ቦኖ ያልተለቀቀ አያፈስ፤ ቧንቧ ያልታከመ አይለቅ።

ከኮረብታው ወረድኩ። የጽዳት ተቆጣጣሪውን አቶ ጥላዬን ቄራው ዘንድ አገኘኋቸው፤ ከአንድ ሥጋ ሻጭ ጋር ስለ ዝንብ ይከራከራሉ።

«ክሎሪን በኪሴ ይዤ የምዞር መሰለሽ? ያለው ዕቃ ቤት ነው። እስቲ አንቺ ሞገስን ጠይቂው፤ እኔ ስጠይቀው ጆሮው ይደነቁራል።»

እናት ያለ ውሃ አታጥብ፤ ቦኖ ያልተለቀቀ አያፈስ፤ ቧንቧ ያልታከመ አይለቅ፤ ተቆጣጣሪ ያልተሰጠው አይጨምር።

ጫማዬ ተረከዜን ልጦታል። ዕቃ ቤት ስደርስ አቶ ሞገስ በኩራት ወደ ኋላቸው አመለከቱኝ።

«ሰማያዊውን በርሜል አየሽው? ክሎሪኑ እሱ ነው። ማየት ይቻላል፣ መንካት አይቻልም። ለወረርሽኝ የተቀመጠ ነውና ሹሙ ካላዘዙ አይከፈትም።»

«ወረርሽኝ እኮ ገብቷል» አልኩ።

«ምን አልሽ? ምነው፣ አፍሽን ሸፍነሽ ነው እንዴ የምታወሪው?»

ደግሜ መናገር አፍሬ ወጣሁ።

እናት ያለ ውሃ አታጥብ፤ ቦኖ ያልተለቀቀ አያፈስ፤ ቧንቧ ያልታከመ አይለቅ፤ ተቆጣጣሪ ያልተሰጠው አይጨምር፤ ዕቃ ቤት ያልታዘዘ አይሰጥ።

የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ፊታውራሪ ነበሩ። ደጃቸውን ስጠና ቀትር አለፈ። ስገባ ወንበር ሰጡኝ፤ ደግ ሰው ናቸው። የዚያን ቀን መከራዬም ይኸው ነበር፤ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ደግ ነው።

«ልጄ፣ ወረርሽኝ ገባ ብዬ ከተማውን ላሸብር? ሐኪሙ በሽታ አለ ካሉኝ ዛሬውኑ አዛለሁ። ካላሉኝ ግን እኔ ምኑን አውቄ?»

እናት ያለ ውሃ አታጥብ፤ ቦኖ ያልተለቀቀ አያፈስ፤ ቧንቧ ያልታከመ አይለቅ፤ ተቆጣጣሪ ያልተሰጠው አይጨምር፤ ዕቃ ቤት ያልታዘዘ አይሰጥ፤ ሹም ያልሰማ አያዝ።

ወደ ጤና ጣቢያው ተመለስኩ። ሽታዬ በሩ አጠገብ ፀሐዩ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗን እንዳላይ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩና ሐኪሙ ክፍል ገባሁ።

«አምና በወሬ ተነሥቼ ፈንጣጣ ገባ አልኩ፤ የሙቀት ሽፍታ ሆኖ ተገኘ» አለኝ። «እስከ ዛሬ በገበያ ሳልፍ ‹ዶክተር ፈንጣጣ› ይሉኛል። ከእንግዲህ በዓይኔ ያላየሁትን አልናገርም። በሽተኛ አምጪልኝና ልየው።»

«በሽተኛው በር ላይ ነው፣ ዶክተር። ባሻ አላስገባ ብለው ነው…»

«ታዲያ ታጥቦ ይግባ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ፤ እኔው ላፍርሰው?»

እግሬን እየጎተትኩ ወደ በሩ ሄድኩ።

«ታጠበ?» አሉኝ ባሻ።

እናት ያለ ውሃ አታጥብ፤ ቦኖ ያልተለቀቀ አያፈስ፤ ቧንቧ ያልታከመ አይለቅ፤ ተቆጣጣሪ ያልተሰጠው አይጨምር፤ ዕቃ ቤት ያልታዘዘ አይሰጥ፤ ሹም ያልሰማ አያዝ፤ ሐኪም ያላየ አይናገር፤ ዘበኛ ያልታጠበ አያስገባ፤ እናት ያለ ውሃ አታጥብ።

ዞሬ ዞሬ የተነሣሁበት ቆሜአለሁ። ልመንህ ማልቀሱንም ትቷል። «ሲስተር፣ አንድ ጣሳ ነበር እኮ ያልኩሽ» አለች ሽታዬ። አልተቆጣችም፤ እሷም ደክሟታል።

ያሰብኩበት ነገር አይደለም። ልጁን ከእቅፏ ወሰድኩት፣ በነጠላዬ ጠቀለልኩት፣ ወደ ውስጥ መራመድ ጀመርኩ።

«ቆይ፣ ቆይ! የማን ልጅ ነው የምታስገቢው?» አሉ ባሻ ዱላቸውን አጋድመው።

«የእኔ።»

«ያንቺ?» ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ። ያላገባሁ መሆኔን ከተማው ሁሉ ያውቃል። «ምን ማለትሽ ነው?»

«የእኔ ልጅ ነው፣ ባሻ።»

ባሻ ጎንበስ ብለው ልጁን አዩት። ከዚያ ፊታቸው ቀስ በቀስ በራ። «ለካ!» አሉ። «ለካ ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ ስትባዝኚ የዋልሽው። እኔም እኮ ለባዳ ልጅ ማን እንዲህ ይሮጣል እያልኩ ስገረም ነበር።» ወደ ሽታዬ ዞሩ። «አንቺስ አሳዳጊው ነሽ?»

ሽታዬ አፏን ከፈተች። ልጇን አየችው፤ እኔን አየችኝ።

«አዎ» አለች። «የእሷ ነው። እኔ አሳዳጊ ነኝ።»

ያን ቃል ስትናገር ድምፅዋ የሆነውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ባሻ ዱላቸውን አነሡ። ዘበኛ አስገባ። ሐኪም አየ፤ አይቶ ተናገረ። ሹም ሰምቶ አዘዘ፤ ዕቃ ቤት ታዞ ሰጠ፤ ተቆጣጣሪ ተቀብሎ ጨመረ፤ ቧንቧ ታክሞ ለቀቀ፤ ቦኖ ተለቅቆ አፈሰሰ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እናት በጣሳ ቀድታ ልጇን አጠበች። ሐኪሙ የጨው ውሃ በመርፌ ሰጥቶት ነበርና ሲታጠብ አለቀሰ፤ በጉንጩም እንባ ወረደ።

ውሃው በወረደበት መንገድ ወሬው ወጣ። ባሻ ለእትዬ ብርቄ፣ እትዬ ብርቄ ለኡመር፣ ኡመር ለአቶ ጥላዬ፣ አቶ ጥላዬ ለአቶ ሞገስ፣ አቶ ሞገስ ለፊታውራሪ። ያልታዘዝኩትን አልሰጥም፣ ያላየሁትን አልናገርም ያለ አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። ሽማግሌ ሊልክብኝ ያሰበ አንድ መምህር ነበር፤ በዚያው ምሽት ወሬው እሱም ዘንድ ደረሰ። ቆይቶም እናቴ ዘንድ ደረሰ። እናቴ «የልጅ ልጄን ሳታሳዪኝ ልሙት?» እያለች ሞተች።

«ልጁ የሽታዬ ነው» ብል ኖሮ ሁሉም ባንዴ ያበቃ ነበር። ያልኩት ግን ሌላ ነው።

በማግሥቱ ማለዳ ወደ ሥራ ስመጣ የጤና ጣቢያው በር በሰው ታፍኗል። ቦኖው ቢከፈትም ሰልፉ እስከ ደረቀው ወንዝ ደርሷል፤ የታመመ ልጅ ደግሞ ተራ አይጠብቅም። የታች ሰፈር እናቶች ልጆቻቸውን አዝለውና ታቅፈው ሳይታጠቡ መጥተዋል። ባሻ ዱላቸውን አጋድመው ላብ በላብ ሆነዋል።

«ሲስተር፣ እነዚህ ሁሉ ያንቺን ስም ነው የሚጠሩት። የማን ልጆች ናቸው ልበል?»

መምህሩ ከመንገዱ ማዶ ወደ ትምህርት ቤት እያለፈ ነበር። ቆም አለ። ፊቴ እንደ እሳት ጋለ።

«የእኔ ናቸው» አልኩ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ ባሻ። በሩን ይክፈቱ።»