ለልየው ዋስ የሚሆነው ማን ነው?

በአንድ ወቅት፣ ገደል አፋፍ ላይ በተቆረቆረች የገበያ መንደር ወይዘሮ አንጓች የሚባሉ እናት ነበሩ። ከአራት ልጆቻቸው ሦስቱ ጎጆ ወጥተዋል። አራተኛው ልየው ግን ለትዳር የደረሰ ጎልማሳ ቢሆንም የሚኖረው ከእሳቸው ጋር ነው። ቃል ከአፉ የሚወጣው በስንት ጊዜ አንዴ ነው። ሲረጋጋ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፤ ሲጨንቀው ግን ያገኘውን ይወረውራል፣ የያዘውን ይነክሳል። መንደሩ ልየውን ይፈራል። እናቱ ደግሞ መንደሩን ይፈራሉ፤ አንድ ቀን ልጄን ያስሩብኛል እያሉ።

የፈሩት አልቀረም። በገበያ ቀን ልየው ድንገት ብድግ ብሎ የሸክላ ሻጯን እንስራ ሁሉ ገለበጠ። ጎረቤታቸው አያ ቢያድግልኝ ከኋላ ክንዱን ጨምድዶ ቢይዘው፣ ነክሶት አመለጠ። ሰዉ ገመድና ዱላ ይዞ ተከተለው። ልየው ሮጦ ሮጦ ገደሉ አፋፍ ላይ ደረሰ። እነሱ አንድ እርምጃ ሲቀርቡ እሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ከተረከዙ ሥር ጠጠር ሲንከባለል፣ ተከትለው የደረሱት እናቱ ይሰማሉ፤ ሲያርፍ ግን አይሰማም።

ወይዘሮ አንጓች ነጠላቸውን አጣፍተው ተንበረከኩ። «እመቤቴ፣ አደራሽን» እያሉ ተማጸኑ።

ትልቋ ልጃቸው ስንዱ ወደ ገደሉ አልሄደችም፤ ወደ ወፍጮ ቤቱ በረረች። ወንድሟን የሚጨንቀው የወፍጮው ሞተር መጮህ ሲጀምር እንደሆነ ልብ ብላ፣ ተናግራም ሰሚ አጥታ ነበር።

«አጥፋው» አለችው ባለ ወፍጮውን።

«ይሄ ሁሉ ሰው ተሰልፎ?»

«ወንድሜ ገደል ሊገባ ነው። አጥፋው።»

ሰልፈኛው እየሰደባት ሞተሩ ጸጥ አለ።

ሁለተኛው ልጅ ባንታየሁ በሰዉና በወንድሙ መሃል ገባ። «ተቀመጡ» አለ።

«ተነክሼ ነው የምቀመጠው?» አለ ቢያድግልኝ።

«አያ፣ እጅህን አይቻለሁ፤ እኔው አሳክምሃለሁ። አሁን ግን የቆመ ሰው ሁሉ እየገፋው ነው።»

ትከሻውን በዱላ አሉት፤ እሱ እጁን አላነሣም። መጀመሪያ የተቀመጠችው ሸክላ ሻጯ ናት። «እንስራዬ እንደሁ ተሰብሯል፣ ሰው ልጨምርበት?» አለች። ሌላውም እያጉረመረመ ተቀመጠ።

ትንሿ እህቱ ውባንቺ ወደ አፋፉ ሄደች። አልነካችውም። ክንድ በማይደርስበት ርቀት መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ልየው፣ እኔ ነኝ። አልይዝህም። ስትፈልግ ትመጣለህ፤ እኔ እዚሁ ነኝ።» ድንጋይ ወረወረባት፤ ግንባሯ ደማ። ከተቀመጠችበት ግን አልተነሣችም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልየው ከአፋፉ ፈቀቅ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ።

ሽማግሌዎች እዚያው ለፍርድ ተሰየሙ። «አይታሰር» አሉ ትልቁ። «ግን እናቱ ደክመዋል፤ ከወንድም እህቶቹ ዋስ ይጠራ። ከእንግዲህ አብሮት የሚኖር፣ ስለሱ የሚጠየቅ አንድ ሰው። ሦስት ከሆኑ አንዱ በሌላው ያመካኛል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዋስ ካልተገኘ ገመዱ ይኸው ነው።»

«እኔ እሆናለሁ» አለች ስንዱ፤ «የሚያስጨንቀውን የማውቀው እኔ ነኝ።»

«ብታውቂስ፣ ሰዉን ማን ያቆምልሻል? እኔ ነኝ እንጂ» አለ ባንታየሁ።

«እሱ ያመነው እኔን ነው» አለች ውባንቺ።

«አምኖሽ ነው የፈነከተሽ?» አላት ባንታየሁ።

«ፈንክቶኝም መጣ» አለች፣ ነጠላዋን ግንባሯ ላይ እንደያዘች።

«እንግዲህ እናትየዋ ይምረጡ» አሉ ሽማግሌው።

ወይዘሮ አንጓች ወደ ልየው ዞሩ። እስካሁን እሱን የጠየቀው አልነበረም። «አንተስ ልጄ፣ ማንን ትላለህ?»

ልየው በቢያድግልኝ እጅ ያለውን ገመድ በጣቱ አሳየ። «እነሱ እንዳያስሩኝስ፣ ዋሳቸው ማነው?» አለ።

 ቢያድግልኝ ገመዱን ከእጁ አልጣለም። ፀሐይዋ ከተራራው በላይ የቀረችው የጣት ያህል ነው፤ እናትም አንድ ስም መጥራት አለባቸው።

እናንተ በወይዘሮ አንጓች ቦታ ብትሆኑ ከሦስቱ ማንን ትጠሩ ነበር? ለመንደሩስ ዋስ ማን ይሁን?