ሁለተኛው ባና

ሰው ተረት ሲተርት እሰማና አንዳንዴ ይገርመኛል። አፉ ላይ ያለው ነገር የማን ቤት ፈርሶ እንደተገኘ አያውቅም። እኛ መንዝ፣ ዋሻ አፋፍ፣ አንድ አባባል አለን። ዛሬ ከተሜው ሳይቀር በየስብሰባው ያመጣዋል፤ ይጨበጨብለታል፤ ረክቶ ይቀመጣል። አባባሉ ግን ለጭብጨባ አልተፈጠረም። ስለዚህ ከነምክንያቱ ልንገራችሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠቅስ ይጥቀስ።

ሸዋንግዛው የሚባል በግ አርቢ ነበር። ለጋስ ነው፣ ሥራ አይፈራም። ጉድለቱ አንድ ነው፤ አፉ ከእጁ ይቀድማል። በዚያ ዘመን በአፋፉ ላይ ሬዲዮ ያለው እሱ ብቻ ስለነበር ደግሞ የአገር ወሬ ሁሉ በእሱ በር የሚገባ ይመስለው ነበር። ልጁ ትርንጎ ታጭታ ሰርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ። በእኛ ልማድ የጎጆ መውጫውን ሁለቱም ወገን ይሰጣል፤ የወንድ ወገን በሬ፣ የሴት ወገን በግ። ሙሽሪት በዚያ ላይ ከአባቷ በጎች ጸጉር የተሠራ ባና ይዛ ትሄዳለች። ደጋ ነው፤ ያለዚያ ወፍራም ብርድ ልብስ የአዲስ ጎጆ ሌሊት አይገፋም።

ሽማግሌዎቹ በመጡ ቀን አንድ ባና ተባለ። በቂ ነበር። ሸዋንግዛው ግን አረቄውን ጨለጥ አደረገና፣

"ሁለት ይሁን" አለ። "አንዱ ለልጆቹ፣ አንዱ ለወንድይራድ ለራሱ።"

አቶ ወንድይራድ የሙሽራው አባት ናቸው። "ኧረ እኔ ምን አደርገዋለሁ፤ ያለኝም አላለቀ" ቢሉ ማን ሰምቷቸው። ሰውየው በሰው ፊት ቃል ሰጥቷል፤ ከቃሉ መመለስ ከሞት በልጦበታል።

በግ የሚሸለተው በደቦ ነው። ደንብም አለው። ግማሹ መንጋ ዛሬ ይሸለታል፣ ግማሹ የዛሬ ሳምንት። የበልግ ሰማይ ስለማይታመን ነው። ብርድ ድንገት ቢመጣ፣ የተሸለተው ካልተሸለተው መሃል ተሸጉጦ ነፍሱን ያተርፋል። ሸዋንግዛው ይህን አያጣውም። ነገር ግን የግማሽ መንጋ ጸጉር ለሁለት ባና አይበቃም፤ ሸማኔው ደግሞ "ከሆሣዕና በፊት ፈትሉ ካልደረሰኝ ለሰርጉ አልደርስም" ብሏል።

የደቦው ቀን ጠዋት ሰዉ መቀሱን ይዞ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። ጸጉር የሚያባዝቱትና የሚፈትሉት እማማ ሙላቷ፣ የአፋፉ ባልቴት፣ ጥላ ስር ተቀምጠዋል።

"ሁሉንም ነው የምንሸልት" አለ ሸዋንግዛው።

"ሁሉንም?" አሉ እማማ ሙላቷ።

"ሁሉንም። ካላመናችሁ ሬዲዮው ይንገራችሁ።"

የባትሪ ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ ሲያሞቃቸው ከቆየበት አንስቶ ሬዲዮው ውስጥ ከተተና ከፈተው። የአየር ትንበያው ተጀምሯል። "በአብዛኛው የአገራችን አካባቢዎች ዛሬና በሚቀጥሉት ቀናት ፀሐያማና ሞቃት የአየር ሁኔታ ያመዝናል…" ቀጭ። ዘጋው።

"ሰውየው ገና እየተናገረ እኮ ነው" አለች ሚስቱ የሺመቤት።

"የቀረው የቆላ ነው። ለቆላ ሰው ላብ የኔ ድንጋይ ለምን ይለቅ? ለሰርጉ ጭፈራ ይቆይልኝ።"

ደቦው ሳቀ። እማማ ሙላቷ ግን እንዝርታቸውን አስቀመጡ። "ልጄ፣ እኔ ሰማይ አላውቅም። ደንቡን ነው የማውቅ። ግማሹን ተውልኝ።"

"እማማ፣ እርስዎም በድንጋይ ቢሠሩ ኖሮ ዘግቼዎት ነበር" አለ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁ፤ ምን ያድርጉ። ያቺን ሳቅ ብዙዎቹ እስኪሞቱ ድረስ ሲያፍሩባት ኖረዋል።

ተሸለተ። አንዱ እግር ይጠፍራል፣ ሌላው መቀሱን ያስኬዳል፣ ትርንጎ ጸጉሩን እየሰበሰበች በጆንያ ትጠቀጥቃለች። በግ ጸጉሩ ሲወርድለት እንዴት እንደሚያንስ ላላየ አይነገርም፤ ያ ሁሉ ግርማ የልብስ ነበር ለካ ያሰኛል። አንዲት ያረገዘች በግ ተራዋ ሲደርስ ትርንጎ ጆንያውን ጣለች።

"እሷንስ ተዋት፣ አባባ። ልትወልድ ነው።"

"ተዋት ካልሽማ የአማትሽ ባና አንድ ጥግ ሊጎድለው ነው" አላት፤ እሷም ተሸለተች።

ቀትር ላይ መንጋው ወደ ጓሳው ሣር ተለቀቀ። ደቦው ጠላውንና በሶውን ይዞ ተቀመጠ። ፀሐዩ እውነትም ሬዲዮው እንዳለው ነው፤ ሸዋንግዛው ጋቢውን አውልቆ ትከሻውን ያሞቃል። ጠላው ሳይደገም ከሰሜን በኩል፣ አንድ ሰው የተዘጋ በር የከፈተ ይመስል፣ ቀዝቃዛ ነፋስ ገባ። ዳመናው ከላይ አልመጣም፤ ገደሉን ይዞ ወጣ እንጂ። ዝናቡ ወረደ፤ ዝናቡን በረዶ ተከተለው። ጓሳው አመድ መሰለ።

በግ ሲበርደው እርስ በርሱ ይገፋፋል፤ አንዱ ከሌላው ጸጉር ስር ይገባል። ያን ቀን ግን የሚገባበት ጸጉር አልነበረም። ሁሉም ሙቀት ፍለጋ ወደ መሃል ይጋፋል፤ መሃሉም ራቁቱን ነው።

ቀድማ የሮጠችው ትርንጎ ናት፤ ጆንያዎቹን እየጎተተች። ጸጉሩን በየጀርባቸው ላይ ትበትነው ጀመር፣ የየራሳቸውን ልታለብሳቸው። ነፋሱ ወሰደው፤ የቀረው ረጥቦ ተንሸራተተ። ወንዶቹ በጎቹን በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ቤት ሮጡ። እሳት ዳር ከደረሱት የተረፉት ጥቂት ናቸው። ያቺ ያረገዘችው በየሺመቤት ጭን ላይ ሞተች። ሁዳዴ ስለሆነ አርዶ መብላት እንኳ የለም፤ ካራ ያነሳ ሰው አልነበረም። ሸዋንግዛው ደጅ ቆሞ በረዶው ትከሻው ላይ ሲያርፍ አያራግፈውም ነበር።

በማግስቱ አቶ ወንድይራድ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ምድጃው ዳር ተቀመጡና፣

"እኔ ገበያ ላይ ከአንድ ነጋዴ ሬዲዮ ሰምቼ በጎቼን አስገባሁ" አሉ። "'ይሁን እንጂ በደጋማ ቦታዎች ቀዝቃዛ አየር ስለሚያልፍ ከብቶቻችሁን አስጠልሉ' አለ እኮ። ሰው ልልክልህ አስቤ፣ ሬዲዮ ላለው ሰው የሬዲዮ ወሬ መላክ ነውር መሰለኝ። ምነው በላክሁ።"

ሸዋንግዛው እሳቱን ቆሰቆሰ።

"ባናውንም እኔ አልፈለግሁትም ነበር" አሉና ተነሱ።

ሰርጉ ለከርሞ ተላለፈ፣ በግ እስኪረባ። በደግ ነው የተላለፈው፤ ማንም ክፉ አልተናገረም። ግን ዓመት ረጅም ነው። ሙሽራው ሥራ ፍለጋ ወደ ደብረ ብርሃን ወረደ፤ እዚያው አገባ። ለጭፈራው የተቆጠቡት ድንጋዮች ሬዲዮው ሆድ ውስጥ ፈሰሱ።

ከጆንያው የተረፈው ጸጉር ተፈትሎ፣ የጎደለው ከጎረቤት ተለምኖ፣ ባናዎቹ ከሸማኔ ቤት መጡ። ሁለቱም። አንዱን ትርንጎ አጣጥፋ ከሣጥን ስር አኖረችው፤ ስትዘረጋው ያየ የለም። ሁለተኛውን ሸዋንግዛው በትከሻው ይዞ እማማ ሙላቷ ቤት ሄደ። ያን ዓመት ሙሉ ላገኘው ሰው ሁሉ "ሬዲዮው ዋሸኝ" ሲል ከርሟል።

"እማማ፣ ይልበሱት" አላቸው። "ሬዲዮው ባይዋሸኝ ወንድይራድ ነበር የሚለብሰው።"

እማማ ሙላቷ ባናውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በጣታቸው ዳሰሱት። በበሩ በኩል ትርንጎ ከምንጭ ውኃ ቀድታ ብቻዋን ሽቅብ ስትወጣ ይታያል። እስክታልፍ ድረስ ሁለቱም በዓይናቸው ተከተሏት።

"እሱስ አልዋሸህም፣ ልጄ፤ ሳይጨርስ ዘጋኸው እንጂ" አሉት እማማ ሙላቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ "በግማሽ ወሬ ሙሉ መንጋ አይሸለትም።"