የእመት ጦጢት ትራፊ

ልጆቼ፣ ቀረብ በሉ። ድሮ ነው፤ አራዊት እንደ ሰው ይጨቃጨቁ በነበረበት ዘመን። የአገሩን ስም የሚያውቅ የለም። አሥር እንስሶች ተባብረው በቆሎ ዘሩ። ዝናቡ ሰመረላቸውና ምርቱ እንደ ኮረብታ ተቆለለ። ታዲያ የዓመት ቀለባቸውን ማን ያካፍላቸው? ከመሀላቸው ቁጥር የሚያውቅ ጠፋ።

በዚያ አገር ቁጥር የምታውቀው እመት ጦጢት ብቻ ነበረች። ማሳው ሲቆፈር «ወገቤን!» ብላ ዛፍ ላይ የወጣችው እሷ፣ አሁን ዱብ አለች። «እኔ እኩል አካፍላችኋለሁ። ከድርሻ የተረፈው ግን የእኔ ነው» አለች። እሺ አሏት።

ስትቆጥር በቆሎው ሁለት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ዘጠኝ ሆነ። ልቧ ዘለለ፤ ለአሥር ሲካፈል ዘጠኝ ይተርፋላ! ምራቋን እየዋጠች ሳለ ግን፣ ከአሥሩ አንዷ የሆኑት አሮጊቷ እማማ ኤሊ ከማሳው ጥግ አንዲት በቆሎ እየጎተቱ ከች አሉ።

«ውይ እማማ! ይህችን እንኳ እርስዎ ይብሏት» አለች ጦጢት ደንግጣ።

«የጋራ ናት፣ ልጄ» ብለው ክምሩ ላይ ጣሏት።

ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ! ለአሥር አካፈለች፤ ለእያንዳንዱ ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ደረሰው። ቆጠረች፤ ትራፊ የለም!

«ከርከሮ እኛ ስናርም ተኝቶ ነበር፤ ይውጣ!» አለች። እኛ ስትል አታፍርም። ሌሎቹም ድርሻቸው ሊጨምር ነውና ዝም አሉ። ለዘጠኝ አካፈለች፤ ሁለት መቶ ሰማንያ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ። ቆጠረች፤ ትራፊ የለም!

«የጃርት እሾህ አስፈራኝ፤ ይውጣ!» ለስምንት አካፈለች፤ ትራፊ የለም! «ጥንቸል ሳቀችብኝ፤ ትውጣ!» ለሰባት አካፈለች፤ አሁንም ትራፊ የለም! ላብ አጠመቃት። ዝንጀሮን በቂጡ፣ ሚዳቋን በዓይኗ፣ ሌሎች ሦስቱንም በሰበብ አስባቡ እያመካኘች አንድ በአንድ አባረረች። ለስድስት፣ ለአምስት፣ ለአራት፣ ለሦስት፣ ለሁለት አካፈለች። ቁጥሩ እንቢ አለ፤ ትራፊ የለም!

በመጨረሻ ቆቅንም አባርራ ዞር ስትል፣ የቀሩት እማማ ኤሊ ብቻ ናቸው። ለአንድማ ምን ይካፈላል? ሁሉም የእሳቸው ሆነ።

«እንግዲህ ሁሉም የእኔ ከሆነ ፈቃዱም የእኔ ነው» አሉ እማማ ኤሊ። «ኑ፣ የተባረራችሁ! እንደ መጀመሪያው ለአሥር ይሁን!»

ጎረቤታቸው ሲባረር ዝም ያሉት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው መጡ፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት እየተሸከሙ ሄዱ።

«እኔስ?» አለች ጦጢት።

«አንቺማ፣ ልጄ፣ አብረሽን ብትቆፍሪ ኖሮ አሥራ አንደኛ ነበርሽ።»

ጦጢት በጣቷ አሰበች፤ ጣቷ ሲያልቅባት በጭራዋ ጨመረች። ሁለት መቶ ሃያ ዘጠኝ ይደርሳት ነበር። ወዲያው ጭንቅላቷን ይዛ ጮኸች፦

«ወይኔ! ለአሥራ አንድ ሲካፈልማ አንድ ይተርፍ ነበር!»

ለዚህ ነው ልጆቼ፣ ትራፊ ያማረው ድርሻውን አጣ የሚባለው።