«ለማን ነው?» ያላለችው አንጓች

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? ስልኩን ድፉትና እንደገና በሉ።

«የላም በረት!»

እንዲያ ነው እንጂ። በድሮ ዘመን ሰው ማዶ ለማዶ የሚጣራበት አገር ነበር። ሸለቆው ጥልቅ ነውና ወርዶ ለመውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ድምፅ ግን ወዲያው ይሻገራል። ስለዚህ በየተረተሩ አንድ ትልቅ ድንጋይ ነበረ። መልእክት ያለው ሰው እሱ ላይ ወጥቶ ይጣራል። የሰማው ደግሞ ተቀብሎ ለሚቀጥለው ማዶ ያደርሳል። ወጉ አንድ ነው። ተቀባዩ አስቀድሞ፦ «ለማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ስም ሳይሰማ መልእክት አይቀበልም።

አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ቤቷ ከድንጋዩ ጥግ ነው። ድምፀ መልካም ናት፤ ወሬ ደግሞ ነፍሷ ነው። እናቷ እመት ብርቄ ወዲያ ማዶ ብቻቸውን ይኖሩ ነበርና በየሳምንቱ ቅቤ ይዛ ትጠይቃቸዋለች።

ከዚያም ወሬ በዛ። የማን በሬ ገደል ገባ፣ ማን ሚስቱን ፈታ፣ የት በረዶ ወረደ፣ ሰው ሁሉ ስለ ሁሉ መጣራት ጀመረ። አንጓችማ ጠዋት ድንጋዩ ላይ ወጥታ ማታ ትወርዳለች። ሊጧ ገንፍሎ ይፈሳል። ጎረቤቶቿም፦ «ኧረ አንቺ፣ እናትሽን ካየሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» ይሏታል።

እሷም፦ «ይቺን ብቻ ላድርስና እሄዳለሁ» ትላለች።

ይቺ ስታልቅ ሌላ ትመጣለች። «ለማን ነው?» ማለቱንም ተወችው። አንዱን ስትጠይቅ ሦስቱ ያመልጧታላ!

አንድ ቀን የእናቷ ጎረቤት ታፈረ ከወዲያ ማዶ ተጣራ፦ «መልእክት አለኝ!»

አንጓችም፦ «በል ቶሎ በል!» አለችው።

ታፈረ ድምጿን ለየና ለራሷ መሆኑን ታውቃለች ብሎ አሰበ። ከዚያም፦ «አሮጊቷ ታመዋል! ልጃቸው ትድረስላቸው!» አለ።

አንጓች ዞር አለችና ያንኑ ቃል በዚያ በሚያምር ድምጿ ለሚቀጥለው ማዶ አደረሰች። ከዚያም ሌላ ወሬ ተቀበለች።

በማግስቱ፦ «አሮጊቷ አርፈዋል! ቀብሩ ነገ ነው!» ተባለ። ይህንንም አደረሰች።

በሦስተኛው ቀን ወደ ማታ ላይ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዳገቱን ሲወጡ አየች። እሷም ከድንጋዩ ላይ ሆና፦ «ምን ወሬ አለ?» አለች።

ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ፦ «ልጄ፣ ከእናትሽ ቀብር ነው የምንመጣው። እኛኮ የሰማነው ካንቺ አፍ ነው፤ ያንቺ እናት መሆናቸውን ያወቅነው ግን እዚያ ደርሰን ነው» አሏት።

አንጓች ቁልቁል ሮጠች። ወደቀች፣ ተነሳች፣ ሮጠች። ስትደርስ ታፈረ የእናቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል።

ታፈረም፦ «እናትሽ ድምፅሽ ሲሻገር ሰሙት» አላት። «‹ልጄ ሰማችኝ፣ አሁን ትመጣለች፣ በሩን እንዳትዘጉባት› አሉን። እኛም አልዘጋንም። ብርድ እየገባባቸው በሩን እያዩ አረፉ።»

ወይኔ ልጆቼ፣ ይቺን ባወራሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ያቺ ሴት ክፉ አልነበረችም እኮ! እናቷንም ትወዳቸው ነበር።

አንጓች ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ላይ የወጣችው አንድ ቀን ብቻ ነው። ፊቷን ወደ ወዲያ ማዶ መለሰችና፦ «ለማን ነው?» ብላ ተጣራች። ማንም አልመለሰላትም።

በሉ ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌንም በትኩስ ቆሎ አብሱልኝ። አንተ ደርብ ግን ቆሎውን ተወው። ያ የደፋኸው ስልክ ሦስት ጊዜ ጠርቷል። እናትህ ከሆነች ቶሎ አንሳላት።