ኪሱን አራግፎ የሚከፍለው በያጅ

አንድ በያጅ ነበር። ስሙ ዳምጠው ነው። በአንድ ብረታ ብረት ቤት በወር ደመወዝ ተቀጥሮ በርና መስኮት ይበይዳል። አባቱ ታመው በተኙበት ዓመት ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ ተበደረ። አበዳሪው ጋሽ አስፋቸው የሚባል ባለ መጋዘን ነጋዴ ነው፤ ያለ መያዣ አያበድርም። በዳምጠው ቤት ለመያዣ የሚበቃ ዕቃ አንድ ብቻ ተገኘ። የሚስቱ የትርንጎ የልብስ ስፌት መኪና። ትርንጎ በዚያች መኪና የሰፈሩን ልጆች የትምህርት ቤት ልብስ ትሰፋ ነበር። እርሷኑ አውጥታ ሰጠችው።

ውሉ ግልጽ ነበር። ዳምጠው በየወሩ መጨረሻ የደመወዙን ሩብ ይከፍላል። አንድ ወር ካለፈው መኪናዋ ትሸጣለች።

ዳምጠው ግን ሩብ ከፍሎ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው አልነበረም። በደመወዝ ቀን ከሥራ ቦታው በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ይሄዳል። የቤት ኪራዩን ብቻ ያስቀርና ኪሱን ጠረጴዛው ላይ ያራግፋል። የሰው ገንዘብ በላዬ እያለ የራሴን ገንዘብ ቤቴ አላሳድርም ይላል። ነጋዴው እንዳንተ ያለውን ተበዳሪ ያብዛልኝ እያለ ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። መጋዘኑ ውስጥ ለተቀመጡት ሰዎችም በጣቱ ያሳያቸዋል።

ሰፈሩም አከበረው። ታማኝ። ቃሉን አክባሪ።

ሳምንት ሳይሞላ ዘይት ያልቃል። ከዚያ ጤፍ። ከዚያ የአባቱ መድኃኒት። ዳምጠው አንገቱን ደፍቶ ወደዚያው መጋዘን ይመለሳል። ጋሽ አስፋቸው ከልክሎት አያውቅም። ትንንሹ ብድር ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፤ መቶ የወሰደ በወሩ መጨረሻ መቶ ሃያ ይመልሳል። ደመወዝ ሲመጣ በመጀመሪያ ይኸው ትንንሹ ይነሳል። የተረፈው ወደ ትልቁ ዕዳ ይሄዳል። እንዲህ እያለ ዓመት አለፈ። ዳምጠው ብዙ ከፍሏል፤ ትልቁ ዕዳ ግን እምብዛም አልተነቃነቀም። እርሱ ይህን የወለድ ክፋት ነው ይላል። ግማሹ እውነት ነው።

አንድ ወር የብረታ ብረት ቤቱ ባለቤት በር ያሠራው ደንበኛ አልከፍል ስላለው ለሠራተኞቹ ደመወዝ ሳይከፍል ዘገየ። የመክፈያው ቀን ደረሰ። በዳምጠው እጅ ላይ አንዳች አልነበረም። ወደ መጋዘኑ ሄዶ፣ ያን ሁሉ ወር ከውሉ በላይ መክፈሉን እያነሳ ለመነ። ነጋዴው ያለፈው አልፏል፣ ውሉ የሚለው በየወሩ ነው አለው። መቀጫ ጨምሮበት ለዚህ ጊዜ ብቻ ቀን ሰጠው። ከደገመው ግን ለመኪናዋ ገዢ ተገኝቷል። ገዢው ልብስ ሰፊ ነው፤ አይቷታል፣ ወዷታልም።

ዳምጠው ይህን ለሚስቱ ሲነግራት ትርንጎ ሳህን ታጥብ ነበር። ያንኑ የታጠበውን ሳህን ደግማ አጠበችው።

እነርሱ በሚኖሩበት ግቢ ውሃ በፈረቃ ነው። በሳምንት አንድ ጠዋት ይመጣል፣ ይሄዳል። በዚያ ሰሞን አንድ ተራ ሳይመጣ ቀርቶ ትርንጎ ከጎረቤቷ ከእማማ ወለላ አምስት ጀሪካን ተበድራ ነበር። በቀጣዩ እሑድ ጠዋት ውሃ መጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ሄደ። የትርንጎ በርሜል እስከ ወገቡ ብቻ ሞላ። ትርንጎ አንድ ጀሪካን ለእማማ ወለላ አደረሰችና በርሜሏን ከደነች።

ዳምጠው ደጃፉ ላይ ቆሞ ያይ ነበር፤ ተናደደ። የሰው ውሃ ጠጥታ ውሃ ላይ እንዴት እንደምትቀመጥ ጠየቃት። አራቱንም ጀሪካን አሁኑኑ እንድትመልስ ነገራትና ራሱ ክዳኑን ከፍቶ መቅዳት ጀመረ።

"ተወው" አለችው ትርንጎ። "ሁሉንም ዛሬ መልሼ ረቡዕ በራቸውን ላንኳኳ ነው?"

እማማ ወለላ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው በርበሬ ይቀነጥሱ ነበር። ግቢው ጠባብ ነው፤ የአንዱ ጠብ የሁሉ ነው። ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

"አንተ ልጅ፣ እኔን የሚያስፈራኝ በርሜሉ ባዶ የሆነ ጎረቤት ነው። እሷ በየፈረቃው አንዳንድ ትመልስልኝ፣ ያልቃል። አንተ ብትሆን ጠዋት አምስት መልሰህ ማታ ስድስት ትወስዳለህ። ምስጋናው ላንተ፣ መቅዳቱ ለኔ።"

ትርንጎ ሳቀች። መኪናዋ ከቤት ከወጣች ወዲህ ሳቋን ሰምቶት አያውቅም።

ዳምጠው አልሳቀም። የቀዳውን ወደ በርሜሉ መልሶ ገለበጠና በርሜሉ አጠገብ ቆመ። ሚስቱ ረቡዕን ታያለች። እርሱ ግን የሚያየው የደመወዙን ቀን ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያሉትን ቀኖች ለነጋዴው ትቷቸዋል። ደመወዝም ፈረቃ ነው። በወር አንድ ቀን ይመጣል፣ ይሄዳል። አንዳንዴ ተራው ደርሶ ይቀራል።

በሚቀጥለው የደመወዝ ቀን ገንዘቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ገባ። ባልና ሚስቱ አልጋው ላይ ዘርግተው ከፋፈሉት። ኪራይ። እስከ ወሩ መጨረሻ የሚያደርስ ጤፍና ዘይት። መድኃኒት። ያለፈው ወር ትንንሽ ብድርና መቀጫ። የነጋዴው ሩብ። ከዚህ ሁሉ የተረፈችው አንድ ቀን የምታውል ነበረች። ዳምጠው እጁ ለምዶበት ያችኑ ለመጋዘኑ አነሳት። ትርንጎ ከእጁ ወስዳ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ጨመረቻት።

"ይቺ የማንም አይደለችም" አለችው። "ደመወዝ ለሚቀርበት ወር ናት።"

ማግስቱን መጋዘን ሄዶ ሩቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ነጋዴው ቀሪውን ጠበቀ። ቀሪ የለም።

"ዳምጤ፣ ምነው?" አለው፣ በሩ ላይ የተቀመጡት እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "አንተም ገንዘብ ወዳጅ ሆንክ?"

ሰዎቹ ሳቁ። የዳምጠው ጆሮ ጋለ። እጁ ወደ ኪሱ ሄደ፤ ኪሱ ባዶ ነው። ውሉ የሚለው ሩብ ነው ጋሼ ብሎ ወጣ። ሌባ የሆነ መሰለው። ሰላም ያሉት ሰዎች ሁሉ የቆርቆሮውን ገንዘብ የሚያውቁ መሰለው። ቤቱ ሲገባ ቆርቆሮውን አወረደ። ትርንጎ አልከለከለችውም። ስምህን ጠብሰን የምንበላው ከሆነ ውሰደው አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። ቆርቆሮውን ወደ ቦታው መለሰው።

ምሳውን ከቤት መያዝ ጀመረ። በያጆቹ አፌዙበት። ዳምጠው ደመወዙን ሊያገባት ነው አሉ፤ ሽማግሌ እንላክለት ተባባሉ። ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ኑ ቅመሱ አላቸው። ቀመሱ፣ መቀለዳቸውን ግን አልተዉም። ሁለተኛው ወር መጣ፣ ሦስተኛው መጣ። ትንንሽ ብድር ስለሌለ ትንንሽ ወለድም የለም፤ ያ ወለድ ቆርቆሮው ውስጥ ገባ። ዳምጠው በወሩ መካከል አለመታየቱ ነጋዴውን አሳሰበው። ታሞ እንደሆነ ጠይቁልኝ ብሎ ሰው ላከበት፤ ቢቸግረው እንዳያፍርም አስነገረው። ዳምጠው ደህና ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ መለሰ።

ከዚያ ደመወዙ እንደገና ቀረ። የብረታ ብረት ቤቱ ባለቤት ከበዓል በፊት ገንዘብ አይገባም ብሎ አሰናበታቸው። ወሬው ከሠራተኞቹ ቀድሞ መጋዘኑ ደረሰ።

የመክፈያው ቀን ዳምጠው ሲገባ የስፌት መኪናዋ ከዕቃዎች መሃል ወጥታ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብሎ መዘውሯን ያዞራል፣ ድምፁን ያዳምጣል። ዳምጠው አላየውም። ሩቡን አውጥቶ ነጋዴው ፊት አኖረ።

"ደመወዝ አልገባም ሲሉ ሰምቼ ነበር" አለ ጋሽ አስፋቸው።

"አልገባም።"

"ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?"

"ካለፉት ወሮች ነው ጋሼ። ገንዘብ ወዳጅ ሆንክ ያሉኝ ጊዜ ያስቀመጥኩት።"

ነጋዴው ገንዘቡን ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። አልጎደለም። ልብስ ሰፊው ከመዘውሩ ላይ እጁን አነሳ፤ እንግዲያው መንገዴን ልቀጥል ብሎ ወጣ።

ቆርቆሮው በዚያ ወር ባዶ ሆነ። ቤቱም ያደረው ከእርሱ በወጣ ገንዘብ ነው እንጂ በብድር አይደለም። ደመወዙ ሲገባ ባልና ሚስቱ ከሩቡ ቀጥለው ቆርቆሮውን ሞሉ። የአንድ ወር ኑሮ የሚሸፍን ሲጠራቀም ደግሞ ትርፉን ሁሉ ወደ ዕዳው አዞሩት። ትልቁ ዕዳ ያን ጊዜ መቅለል ጀመረ። ዳምጠው ካሰበው ዘግይቶ፣ ነጋዴው ካሰበው ቀድሞ አለቀ። ትርንጎ መኪናዋን ራሷ ሄዳ ተረከበች። ነጋዴውን አመሰገነች፤ ተሸካሚ ጠራች።

ዕዳን መክፈል የታማኝ ሰው ሥራ ነው፤ ይህን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን የነገን እንጀራ አንስቶ ለትናንት ዕዳ የሚሰጥ ሰው ዕዳውን አልከፈለም፤ ቀኑን ለወጠለት። ብዙዎቻችን በደመወዝ ቀን ኪሳችንን የምናራግፈው ዕዳችን እንዲያልቅ አይደለም፤ ኀፍረታችን እንዲያልቅ ነው። ኀፍረት ቸኩሎ ይከፍላል፣ ቸኩሎም ይበደራል። ቃል የገባነውን በቀኑ መክፈል፣ ለቤታችን የሚበቃውን ማስቀረት፣ ከዚያም ትንሽ ቢሆን ለክፉ ቀን ማኖር ስስት አይደለም። አበዳሪያችንም ገንዘቡን በቀጠሮው ቀን የሚያገኘው እንዲህ ሲሆን ነው።

እርስዎስ፣ የሚቀጥለው ወር ደመወዝዎ ቢቀር፣ ዛሬ ማታ ቤትዎ ውስጥ ለዚያ ቀን የተቀመጠ ምን አለ?